ጨፌ በካርታ ላይ፦ ስለ ነጻ ካርታ መለያዎች ስምምነት የቀረበ ሂስ

መዝገበ ቃላት አዘጋጅና ካርታ ሠሪ አንድ የጋራ ጭንቅ አለባቸው። ሁለቱም በተፈጥሮው የተያያዘውን፣ ድንበር የሌለውን ነገር ቈራርጠው በየስሙ ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው። ልዩነታቸው፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት ነገር ሲያመለክትበት ተራ ቁጥር እየሰጠ ፍቹን ሊዘረዝር ሲችል፣ ካርታ ሠሪው ግን ለአንድ ቁራሽ መሬት አንድ መለያ መርጦ ማለፍ አለበት። ምርጫውም የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ካርታውን ዘርግቶ መንገድ የሚቀይስ፣ የልማት ዕቅድ የሚያወጣ፣ እርዳታ የሚያደርስ ሰው ያንን መሬት የሚያውቀው በተሰጠው መለያ ነውና።

ይህ ጽሑፍ ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ነጻ ካርታ ላይ የምድር ገጽታዎች መለያ የሚሰጣቸው እንዴት እንደ ሆነ፣ መለያዎቹስ በምን ዐይነት ስምምነት እንደሚጸኑ ከመቱና ከቀሩት የኢሉባቦር ከተሞች በተወሰዱ አብነቶች ይመረምራል። አቋሙ ከወዲሁ ይነገር፦ የስምምነቱ ሥርዐት ራሱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ተስማሚዎቹ ሌላ፣ የተሰየመውን ነገር በየቀኑ የሚጠሩት ሰዎች ሌላ በሆኑበት አገር ስምምነቱ የቃል ስምምነት መሆኑ ቀርቶ የቁጥር ብልጫ ይሆናል።

የአሠራሩ ጠባይ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካርታው በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በስቲቭ ኮስት አማካይነት ተጀመረ። እያንዳንዱ ገጽታ «ቁልፍ» እና «እሴት» የተባሉ ጥንድ ቃላት ይሰጡታል፤ ቁልፉ የነገሩን ወገን፣ እሴቱ የወገኑን ዐይነት ይናገራል። ቃላቱ የተለመዱት በብሪታንያ እንግሊዝኛ ነው። ማንኛውም ካርታ ሠሪ አዲስ መለያ ፈጥሮ መጠቀም ይችላል፤ ሌሎች እንዲቀበሉለት ከፈለገ ሐሳቡን ጽፎ ያቀርባል፣ ይተቻል፣ ከዚያም ድምፅ ይሰጥበታል። ለመጽደቅ ከድምፅ ሰጪዎቹ ሦስት አራተኛ ያህል ድጋፍ ያስፈልገዋል። ይሁንና የጸደቀው መለያ ማንንም አያስገድድም፤ የሚጸናው የተጠቀሙበት ነው። እያንዳንዱ መለያ ስንት ጊዜ በሥራ ላይ እንደ ዋለ የሚያሳይ ቈጠራም ለሁሉ ክፍት ነው።

ለቋንቋ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃልን የሚያጸድቀው ልማድ ነው ስንል ኖረናል፤ ሙያዊ ቃላትን በጉባኤ አጽድቀን ተናጋሪው ሳይቀበላቸው በመዝገብ ውስጥ የቀሩብን ሰዎችም ይህን ሥርዐት ብናይ ሊያስቀናን ይገባል። ነገር ግን የድግግሞሽ ቈጠራ በቋንቋ ጥናት ዋጋ የሚኖረው የተቈጠረው ንግግር የተናጋሪዎቹ ሲሆን ነው። በካርታው ላይ የሚቈጠረው ግን የሣዮች እጅ ነው። በሩቅ አገር ተቀምጦ የሳተላይት ፎቶግራፍ እያየ የሚሥል አንድ ትጉህ በጎ ፈቃደኛ፣ የጎሬ ወይም የሁሩሙ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከጠራው በላይ ያንኑ መለያ በጥቂት ምሽቶች ሊያበዛው ይችላል። የሰውዬው ትጋት አይነቀፍም። የሚነቀፈው ያንን ቍጥር የልማድ ምስክር አድርጎ መቀበሉ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ተርጓሚዎችን የሚመለከት አንድ አብነት እናንሣ። ለመንገድ ሁሉ የሚያገለግለው ቁልፍ «ሃይዌይ» ይባላል። ይህ ቃል በእንግሊዝ ሕግ ሕዝብ ሁሉ የማለፍ መብት ያለውን ማናቸውንም መንገድ ስለሚያመለክት፣ የእግረኛ መንገድ ሳይቀር በዚሁ ቁልፍ ሥር ይገባል። ተርጓሚው የለመደውን ይዞ «አውራ ጎዳና» ቢለው ግን ከመቱ ገበያ ወደ ወንዝ የምትወርደው ጠባብ መንገድ «አውራ ጎዳና፦ የእግር መንገድ» ተብላ ትጻፋለች። በአማርኛ አውራ ያልሆነ አውራ ጎዳና የለም። ስለዚህ ቁልፉ «መንገድ» ተብሎ መተርጐም፣ «አውራ» የሚለውም ቅጽል በእሴቱ በኩል ከበደሌ በመቱና በጎሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ ለሚወርደው መንገድ መቀመጥ ይገባዋል። ይህን መሰሉ ስሕተት በቀላሉ ይታረማል፤ ቃሉ ቢሳሳትም መንገዱ መንገድ መሆኑን ማንም አይስተውምና። የጨፌ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ጨፌ በአማርኛ ለምለም ሣር የሞላበት፣ እርጥበት የማይለየው መስክ ነው። በኦሮምኛም ቃሉ ይኸው ሲሆን ፍቹ ይሰፋል፤ የገዳ ጉባኤ በለምለም መስክ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር ስሙ ከቦታው ወደ ጉባኤው ተሻግሯል፤ የክልሉ ምክር ቤት ዛሬ «ጨፌ ኦሮሚያ» መባሉም ከዚያው ነው። በኢሉባቦር ደግሞ ጨፌ ተክልም ነው፤ በሸለቆ ግርጌ ውሃ በሚተኛበት መሬት የሚበቅል፣ የእጽዋት ሊቃውንት ሳይፐረስ ላቲፎሊየስ የሚሉት። ታጭዶ ለጎጆ ክዳን ይሆናል፤ በበዓል ቀንና ቡና ሲፈላ ወለል ላይ ይጐዘጐዛል። ከ1997 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአካባቢው እርጥብ መሬቶች ላይ ባካሄደው ጥናት እንደ ተመለከተው፣ አንዱ ሸለቆ የክዳን ሣር ማጨጃ፣ የመጠጥ ውሃ ምንጭ፣ የመድኃኒት ቅጠል መልቀሚያና የከብት መሰማሪያ ነው፤ ብዙውም በበጋ ቦይ ተቀዶ ውሃው ይፈስና በቆሎ ይዘራበታል። ክረምት ሲጠና ውሃው ተመልሶ ይተኛበታል። ቦዩ መቼ እንደሚቀደድ፣ መቼ እንደሚደፈን የገበሬዎቹን ሥራ የሚያስተባብረው ሰው በአንዳንድ ስፍራ «አባ ላጋ» ይባላል፤ የወንዝ አባት እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን መሬት ከሩቅ የሚያይ ካርታ ሠሪ ምን ብሎ ይሰይመው? የደረሰው ፎቶግራፍ በበጋ የተነሣ ከሆነ የሚያየው የቦይ መስመርና የበቆሎ ማሳ ስለሆነ «የእርሻ መሬት» ይለዋል። ሌላው በክረምት ማብቂያ የተነሣውን አይቶ «ዌትላንድ» በሚለው ሥር ያገባዋል። ሁለቱም በያዙት ማስረጃ እውነተኞች ናቸው፤ በካርታው ላይ የሚቀረው ግን ኋላ የመጣው ነው።

በዌትላንድ ሥር ከገባም በኋላ ችግሩ አያበቃም። እንግሊዝኛው እርጥብ መሬትን የሚከፋፍለው በአብዛኛው በበቀለበት ነገር ነው፤ ዛፍ የሌለበት ማርሽ ነው፣ ዛፍ ያለበት ስዋምፕ ነው፣ መቃ የሞላበት ሪድቤድ ነው፣ ሌላም ሌላም። አማርኛው ግን፣ ልብ ብለን ብናየው፣ የሚከፋፍለው በተላላፊው እግር ነው። ረግረግ ሲረግጡት ይሰምጣል፤ ማጥ ይይዛል፤ አረንቋ ይውጣል። ሦስቱም የመንገደኛ ቃላት ናቸው፤ ሦስቱም «እዚህ አትለፍ» ይላሉ። ከዚህ ቤተሰብ ተለይቶ በጥቅሙና በልምላሜው የተጠራው ጨፌ ብቻ ነው። ማርሽንም ስዋምፕንም «ረግረግ» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ከማደባለቁ ይልቅ የሚያደርሰው የባሰ ጉዳት አለ፤ ሲታጨድና ሲጠበቅ የኖረውን መሬት ሰው የማይፈልገው ጭቃ አድርጎ ያሳያል። ካርታ አይቶ ዕቅድ ለሚነድፍ ባለሙያ «ረግረግ» ማለት ገና ያልለማ፣ ውሃው ቢጠነፈፍ የሚጠቅም መሬት ማለት ነው። «የእርሻ መሬት» ቢባል ደግሞ ማጨጃውና ምንጩ ከካርታው ይጠፋሉ፤ መሬቱ በቆሎ የዘራበት ሰው የግል ማሳ ብቻ ይመስላል።

ታዲያ «ጨፌ» ራሱን የቻለ መለያ ሆኖ ለድምፅ ይቅረብ? እንደዚህ የሚያስቡ የቋንቋ ተቈርቋሪዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። «ዋዲ» የተባለው የዐረብኛ ቃል በወራጅ ውሃ ቁልፍ ሥር እሴት ሆኖ ሲሠራበት ከቈየ በኋላ እንዳይሠራበት የተመከረው፣ ቃሉ በአገሩ ሸለቆውንም ወራጅ ውሃውንም የሚጠራ በመሆኑ አንዱ ካርታ ሠሪ ይህን፣ ሌላው ያንን እየሣለበት ስለ ተደበላለቀ ነው። ተክልን፣ መስክንና ጉባኤን የሚጠራው ጨፌም ዕጣው ከዚህ የተለየ አይሆንም። በአንጻሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት በሚለው የጋራ መለያ ሥር የመታጠቢያውን ዐይነት ለመግለጽ «ሃማም» እና የጃፓኑ «ኦንሰን» በሁለተኛ ደረጃ ገብተው በሰላም ይኖራሉ። የላይኛው ቃል ለዓለም ሁሉ ይናገራል፤ የታችኛው ለአገሬው። የጨፌም ቦታ ይኸው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ በላዩ እርጥብ መሬት፣ በሥሩ ጨፌ፣ ከጎኑም ወቅታዊ እርሻ መኖሩን የሚናገር መለያ።

የደን ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ባጭሩ እንለፈው። በካርታው ላይ «ናቹራል» በሚለው ቁልፍ የሚገባው «ዉድ» እና «ላንድ ዩዝ» በሚለው የሚገባው «ፎረስት» በምን እንደሚለያዩ ካርታ ሠሪዎቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዱ ወገን ሰው የሚንከባከበውን ፎረስት፣ ያልነካውን ዉድ ይላል፤ ሌላው ልዩነት አያደርግም። አለመስማማታቸውን ሳይሸሽጉ የየወገኑን አሠራር ጎን ለጎን መዝግበውታል፤ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ይህ ከሐሰተኛ ስምምነት የሚሻል ጨዋነት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ጥብቅ ስፍራነት በተመዘገበው በያዩ ደን ዘንድ ግን ጥያቄው ራሱ አይገጥምም። የጫካ ቡና ለቃሚው ዛፉን ትቶ ከሥሩ ያለውን ቍጥቋጦ ይመነጥራል፤ ያልተነካ አይባልም፣ የተተከለም አይባልም። የአማርኛው ዱር፣ ጫካና ደን በተራቸው ሌላ ክፍፍል ናቸው፤ «ደን» በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሲጠና «ጫካ» ከቡናው ጋር ቀርቷል።

እስካሁን ያየነው የወገን መለያን ነው። የተጸውዖ ስም የራሱ ጣጣ አለው። የካርታው ሕግ በቦታው ያለውን ጻፍ፣ በሰሌዳው የተጻፈውንና ነዋሪው የሚጠራውን ያዝ ይላል። በኦሮሚያ ከተሞች ግን ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ኦሮምኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ነው፤ ዋናው የስም ሳጥን ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ብራስልስ ላይ የፈረንሳይኛውንና የደችኛውን ስም በሰረዝ አያይዘው ጽፈው ታርቀዋል። ለእኛ የሚበጀው በዋናው ሳጥን ላይ ከመከራከር ይልቅ ለየቋንቋው የተዘጋጁትን ሳጥኖች በትክክለኛው መልክ መሙላት ይመስለኛል፤ የሚበዛው ጥፋት ያለው እዚያ ነውና። «መቱ» ብለን በፊደል ስንጽፍ የ«ት» መጥበቅ አይታይም፤ በ1984 ዓ.ም. የኦሮምኛ መጻፊያ የሆነው ቁቤ ግን መጥበቁንም የመጨረሻውን አናባቢ መርዘምም ያሳያል። ስሙን ከአማርኛው ፊደል ገልብጦ በኦሮምኛው ሳጥን ያስገባ ሰው ጥብቀቱን ሰርዞ የኦሮምኛ ስም አስገባሁ ይላል። በ1967 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የተቀበለው የአማርኛ ፊደል ወደ ላቲን መገልበጫም ለአማርኛው ስም እንጂ ለኦሮምኛው አያገለግልም።

የአውራጃው ስም ከሁሉ ይከብዳል። «ኢሉ አባ ቦራ» በፈረስ ስም የተገነባ መጠሪያ ነው፤ አባ ዳኘውንና አባ ጅፋርን ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ አዲስ አይደለም። የአማርኛው «ኢሉባቦር» ቃላቱን አጣብቆ ውስጡን ሸፍኖታል፤ ቢሆንም በብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሰነድ የጸና መልክ ስለሆነ በአማርኛው ሳጥን መቀመጡ ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው የቀድሞው ጠቅላይ ግዛትና የዛሬው ዞን አንድ እንደ ሆኑ መቈጠራቸው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቡኖ በደሌ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን በደሌ ከኢሉባቦር አስተዳደር ወጥታለች፤ በሰው አፍ ግን የኢሉባቦር ከተማ መባሏ አልቀረም። በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን ስደት ተከትሎ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ የነበረችው ጎሬም በካርታው የሕዝብ ቍጥር መስፈርት ስትለካ ተራ ከተማ ናት። ለዚህ «የቀድሞ ስም» የሚለው ሳጥንና የታሪክ መለያዎች አሉ፤ የጐደለው የሚሞላቸው ነው።

ለዚህ ሥራ ከመቱ የተሻለ ስፍራ የለም። የመቱ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የተፈጥሮ ሀብት መምህራን በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ዐሥር ሸለቆ ቢዞሩ፣ አባ ላጋዎቹን ቢጠይቁ፣ ለያንዳንዱ ጨፌ ነዋሪው የሚጠራበትን ስም፣ የሚታጨድበትንና የሚዘራበትን ወር ቢመዘግቡ፣ ለድምፅ የሚቀርበው ሐሳብ በሩቅ ሣዮች ቈጠራ ሳይሆን በጠሪዎቹ ቃል ይደገፋል። እስከዚያው ድረስ የካርታውን ቃላት ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ለዌትላንድ «እርጥብ መሬት» እንዲሉ፣ «ረግረግ»ን እግር ለሚሰምጥበት መሬት ብቻ እንዲያቈዩት፣ ከፎቶግራፍ የሚሥሉትም ፎቶግራፉ የተነሣበትን ወር ከመለያው ጎን እንዲጽፉ እናሳስባለን።