ከምስክር ወረቀት ወደ ካታሎግ፦ ስለ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ሥልጠናና ትብብር

ስለ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ሥልጠና የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሪፖርት ጠባይ አለው። ስንት አገር ተወከለ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት የምስክር ወረቀት ተሰጠ የሚለውን ቆጥሮ ያበቃል። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው የሞርተንሰን ማዕከል ከ90 በላይ ከሆኑ አገራት ባለሙያዎችን ተቀብሏል። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) ከቤተ መጻሕፍት ትብብር ድርጅቱ ከኦሲኤልሲ ጋር ሆኖ ከ2001 ጀምሮ ለጀማሪ ባለሙያዎች ያመቻቸው የጥቂት ሳምንታት ሥልጠናም በሙያው ዘንድ የተመሰገነ ነው። የእነዚህን ፕሮግራሞች በጎነት አልክድም፤ የሌላውን አሠራር ማየት ዓይን ይከፍታል። ይሁን እንጂ ሙገሳው ሁሉ ለአጭር ጉብኝት ሲሰጥ፣ በአንድ ሥራ ላይ ለዓመታት አብሮ መቀመጥን የሚጠይቀው ሌላው የትብብር ዓይነት ተዘንግቷል። ለቤተ መጻሕፍቶቻችን የበለጠ የጠቀመው ግን እሱ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የስብሰባ አዳራሹን ትተን ወደ ካታሎግ መስመር እንውረድ። የጸጋዬ ገብረ መድኅን መጽሐፍ በአንድ ካታሎገር እጅ ገባ እንበል። የምዕራቡ ልማድ የመጨረሻውን ስም አስቀድሞ ነጠላ ሰረዝ ማስከተል ነው። በዚህ ደንብ የተሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም «መድኅን፣ ጸጋዬ ገብረ» ብሎ ይመዘግባል፤ ባለቅኔው በአባቱ ስም እንኳ ሳይሆን በአባቱ ስም ግማሽ ይገባል ማለት ነው። አንባቢ በ«ጸ» ፊደል ሥር ሲፈልግ መጽሐፉ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ይህ የዓለም አቀፉ ደንብ ጥፋት አይደለም። በ1961 የጸደቀው የፓሪስ የካታሎግ መርሆዎች ሰነድ የደራሲ ስም መግቢያ በተቻለ መጠን ደራሲው ዜጋ በሆነበት አገር ስምምነት ባገኘው ልማድ እንዲወሰን ይደነግጋል። በሩን ከፍቶልናል። የአገሩን ልማድ ወስኖ፣ ጽፎ፣ ለዓለም ማቅረብ ግን የአገሩ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

ስሙ በትክክል በ«ጸጋዬ» ቢገባም ጣጣው አያልቅም። ጸጋዬ በ«ጸ»ም በ«ፀ»ም ይጻፋል። መድኅን በ«ኅ»፣ በ«ህ» እና በ«ሕ» ይገኛል። ገብረ መድኅን ደግሞ አንዳንዴ ተነጣጥሎ፣ አንዳንዴ ተጋጥሞ ይታተማል። እነዚህ ብቻ ተባዝተው 12 አጻጻፍ ይሰጣሉ፤ ፊደላቱን እንዲያስማማ ያልታዘዘ ኮምፒውተር 12 ደራሲ ያያል። የኅትመት ዘመኑም የራሱ ችግር አለው። በእኛ አቆጣጠር በ1998 የታተመ መጽሐፍ በአውሮፓ 2005 ወይም 2006 ሊሆን ይችላል፤ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም መመዝገብ ይገባል። የስሙን አጻጻፍ ችግር የሚፈታው አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን ወደ እሱ የሚመራ የስም ማመሳከሪያ መዝገብ ነው።

የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ይህን ሊያስተምር አይችልም፤ የአሠልጣኞቹ ክፋት ወይም ስንፍና ግን አይደለም። ከአሥር አገር ለመጡ ሰዎች በአንድ ክፍል የሚሰጥ ትምህርት ለሁሉም የጋራ የሆነውን ለማስተማር ይገደዳል። የጋራ የሆነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ መፍትሔ ያገኘው ነው። የየአገሩ እውነተኛ ችግር ከክፍሉ ውጭ ይቀራል፤ ሠልጣኙ ሲመለስ ያው ያልተፈታ መስመር ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል።

ለሌላው መንገድ የምጠቅሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ከ9,000 በላይ ብራናዎችን በፊልም አስቀርተዋል። ፕሮጀክቱ ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው ካሜራው ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ ካታሎጉ ነው። በ1975 በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት የግእዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዓመቱ ኮሌጅቪል ገብተው፣ ዊልያም ማኮምበር በጀመረው ሥራ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ተቀመጡ። በካታሎጉ ውስጥ አንድ ብራና በርዕሱ ብቻ አይታለፍም። በውስጡ ያሉት ድርሳናት አንድ በአንድ በየቅጠላቸው ይለያሉ፤ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው የስጦታ ቃልና የባለቤቶቹ ስም ሳይቀር ይመዘገባል። ቁጥር 1832ን እንውሰድ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል ነው። በውስጡ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ማንበብ የሚችለው ግእዙንም ልማዱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ሚኒሶታ መደርደሪያውንና ጊዜውን ሰጠች፤ ዕውቀቱ ከኢትዮጵያ ሄደ። ከማንኛውም አውደ ጥናት ይልቅ ትብብር የሚለው ስም ለዚህ ይገባዋል። እነዚያን ቅጾች ስገልጥ አድናቆቴ ከክርክሬ ያልፋል፤ በሙያችን ታሪክ ከእነዚህ የሚስተካከል ሥራ ጥቂት ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። በ1993 የወጣው 10ኛው ቅጽ የሚያበቃው በ5,000ኛው ቁጥር ላይ ነው። በዚያ ጥልቀት በተከታታዩ ያልታተመው ብራና ከ4,000 በላይ ነው። ካሜራውን የሚያንቀሳቅስ እጅ ለማግኘት አላስቸገረም፤ ካታሎጉን የሚቀጥል ባለሙያ በብዛት ማፍራት ግን የማንም በጀት ውስጥ አልገባም። ሥራው በአንድ ሊቅ ትከሻ ላይ ተጣለ።

ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችል የነበረው በአካባቢው የተተከለ ትምህርት ቤት ነው። አፍሪካ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የማከሬሬው የምሥራቅ አፍሪካ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት በ1963 ተከፍቷል፤ ኢባዳንና ዳካርም የየራሳቸው ነበራቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካናዳው የልማት ምርምር ድርጅት በአይዲአርሲና በዩኔስኮ እገዛ በ1990 የተመሠረተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት የሥልጠናውን አቅጣጫ ገልብጦ ከሌሎች የአፍሪካ አገራት ተማሪ ወደ አዲስ አበባ አመጣ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። እያደር ግን ትምህርቱ ወደ ኮምፒውተርና ኢንፎርሜሽን ሲስተም አዘነበለ። የኮምፒውተሩ ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ከግእዙና ከብራናው ጋር በአንድ ክፍል አለመገናኘቱ ግን ውድ ዋጋ አስከፍሎናል።

ስለዚህ ከእንግዲህ የሚፈረም የትብብር ስምምነት መመዘን ያለበት ሲያበቃ በሚተወው ሥራ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን ኅትመቶች ይሰበስባል። አንዱን የአማርኛ መጽሐፍ ዋሽንግተን ያለው ካታሎገርና በአዲስ አበባው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር ያለው ካታሎገር ለየብቻ ይመዘግቡታል። የኢትዮጵያ ደራስያንን ስም ማመሳከሪያ መዝገብ አብረው ቢሠሩ ሁለቱም ይማራሉ። የስሙን ልማድ የሚወስነው የአዲስ አበባው ባለሙያ ይሁን፤ የዋሽንግተኑ ውሳኔውን ወደ ዓለም አቀፉ ካታሎግ ያስገባው። ለጋሾች የሚቀጥለውን የሥልጠና በጀት ሲያጸድቁ፣ የእኛም ተቋማት ሲፈርሙ፣ ይህን ሥራ በስምምነቱ አንቀጽ ውስጥ ያስገቡት።