ስለ ፍርሃት የተጻፈ አንድ የፈረንሳይ መጽሐፍ በቦረና ማስረጃ ሲመረመር

ፍርሃት እንደ ጦርነትና እንደ ግብር ሁሉ ታሪክ ያለው ነገር መሆኑን አጥብቀው ያስረዱ የፈረንሳይ ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። ዦርዥ ለፌቭር በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «የ1789 ታላቅ ፍርሃት» በተባለው መጽሐፍ፥ በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ወንበዴዎች መጡ የሚል ወሬ የፈረንሳይን ባላገር እንዴት እንዳሸበረ፥ ሽብሩም የባላባቶች መብት እንዲሻር እንዴት ምክንያት እንደ ሆነ አሳዩ። ሉስየን ፌቭር በ1956 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ ለደኅንነት ያለው ፍላጎት ራሱን የቻለ የታሪክ ርእስ እንዲሆን አሳሰቡ። ከነዚህም በኋላ ዣን ደሉሞ (1923–2020) «ፍርሃት በምዕራብ አገር» የተባለውን ሰፊ መጽሐፍ በ1978 እ.ኤ.አ. አወጡ። እዚህ የሚመረመረው ይህ መጽሐፍ ነው። የምርመራው ዓላማ ደሉሞ ስለ አውሮፓ የተናገሩትን ለማጽደቅ ወይም ለመንቀፍ ሳይሆን፥ የጥናታቸው መንገድ ወደ ነጌሌ ቦረናና ወደ ደቡብ ቆላ ከተሞች ሲሻገር የሚያስገኘውንና የሚያሳስተውን ለመመዘን ነው።

፩. የመጽሐፉ ዐሳብ

ደሉሞ መጽሐፋቸውን የሚጀምሩት በአንድ የከተማ በር ነው። ሚሼል ደ ሞንቴኝ በ1580 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር አውግስቡርግን በጐበኙ ጊዜ፥ በሌሊት የሚመጣ መንገደኛ በተከታታይ በሮች እየተጠየቀና እየተመረመረ ካልሆነ በቀር ወደ ከተማው መግባት እንደማይችል አይተው ጽፈዋል። ለደሉሞ ይህ በር የዘመኑ ምልክት ነው፤ የመጽሐፉም ንኡስ ርእስ «የተከበበች ከተማ» ይላል።

መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ሕዝቡ ሁሉ የሚፈራቸው ነገሮች፥ ማለት ባሕር፥ ጨለማ፥ የሙታን መንፈስ፥ ወረርሽኝ፥ ረኃብና ሁከት ይዘረዘራሉ። በሁለተኛው ክፍል የተማሩትና የሚገዙት ሰዎች ፍርሃት ይቀርባል። ቸነፈርና ጦርነት በሕዝቡ ላይ መልክ የሌለው ጭንቀት ባመጡበት ዘመን፥ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ያንን ጭንቀት ከፋፍለው ስም ሰጡት፤ ሰይጣን፥ መናፍቅ፥ አይሁዳዊ፥ እስላም፥ ጠንቋይ፥ ሴት አሉት። ስም ያገኘ ፍርሃት ስም ከሌለው ጭንቀት ይልቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ስሙ የወደቀባቸው ሰዎች ተሳደዱ፥ ተቃጠሉም። የመጽሐፉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

፪. የቃላት ጉዳይ

ደሉሞ ይህን ለማስረዳት የቋንቋቸው ባለጠግነት ረድቷቸዋል። ፈረንሳይኛ የታወቀ ነገር ሲመጣ የሚሰማውን ፍርሃት «ፐር»፥ አክብሮት ያለበትን ፍርሃት «ክረንት»፥ መነሻው የማይታወቀውን ጭንቀት «አንጉዋስ»፥ ከ1793 እስከ 1794 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሥራ ስም ሆኖ የቆየውን ሽብር ደግሞ «ቴረር» ብሎ ይለያል። አማርኛም ስጋት፥ ድንጋጤ፥ ጭንቀትና ሽብር የሚሉ ቃላት አሉት። ነገር ግን «መፍራት» የሚለው ግስ ሰፊ ነው፤ ሰው አንበሳንም ዳኛንም እግዚአብሔርንም በአንዱ ግስ ይፈራል። «እገሌ የሚፈራ ሰው ነው» ሲባል ምስጋና ይሁን ነቀፋ የሚታወቀው ከነገሩ አካሄድ ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚጠብቀው ከግእዝ የተወረሰው «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ነው።

በቦረና ኦሮምኛ ግን መለያው ሌላ ነው። የአውሬ፥ የጠላት ወይም የድርቅ ፍርሃት «ሶዳ» ይባላል። ለቃሉና ለአማት የሚገባው ክብር «ወዩ» ነው። ሰው፥ ከብትና ፍጥረት ሁሉ በየስፍራው እንዲከበር የሚያዝዘው ሥርዓት ደግሞ «ሰፉ» ይባላል። ስለ ሰፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ላምበርት ባርትልስ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ ሃይማኖት ያሳተሙት መጽሐፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ባርትልስ የጻፉት በምዕራብ ስላለው የሜጫ ኦሮሞ ስለ ሆነ፥ ሁሉን እንዳለ ወደ ቦረና ማምጣት ለተማሪ አይበጅም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፍርሃት ማለት የሆነው «ሶዳ» እና የጋብቻ ዘመድ ማለት የሆነው «ሶዳ» በኦሮምኛ የሚለዩት «ዳ» በመጥበቁና በመላላቱ ብቻ ነው፤ የግእዝ ፊደል ይህን ስለማያሳይ ሁለቱ አንድ ሆነው ይጻፋሉ። ከዚህ ተነሥቶ «አማች አማቱን ስለሚፈራ ስሙ ከፍርሃት ወጣ» የሚል ትርጕም ማበጀት ይቀላል፤ የድምፅ መመሳሰል ግን የዝምድና ማስረጃ አይደለም። ወዩን ፍርሃት ብሎ መተርጐምም ያው ስሕተት ነው። ከአማቱ ፊት ፈንጠር ብሎ የሚያልፍ ሰው ጕዳት ይደርስብኛል ብሎ የሚሸሽ አይደለም፤ የሚገባትን ክብር መስጠቱ ነው።

የዚህ ስሕተት ዋጋ በመዝገበ ቃላት ብቻ አይቀርም። ክብር ሁሉ ፍርሃት ተብሎ ከተተረጐመ፥ «ይህ ሕዝብ የሚታዘዘው ሲፈራ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ያደርሳል፤ እንዲህ ያለውም ድምዳሜ ለሚገዛ ሰው እጅግ የሚመች ነው።

፫. የከተማ በርና የውሃ ጕድጓድ

የደሉሞ መንገድ ዋና ችግር ግን ከቃላት ይልቅ በመነሻው ላይ ነው። እርሳቸው ከቅጥር ተነሡ፤ ቦረና ቅጥር አልሠራም። የሚፈራው ነገር ጠፍቶ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ መንጋውን ፈጅቷል። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜም «ገና» እና «ሀገያ» የሚባሉት ዝናሞች በተከታታይ አምስት የዝናም ወቅቶች ሳይደርሱ ቀርተው ከብት አልቋል። ሶዳ እዚህ የታወቀ መነሻ አለው። መፈለግ የሚገባው መከላከያው ነው።

ይህም መከላከያ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጕድጓድ ነው። በቦረና አገር ዘጠኙ ቱላ የሚባሉ የጥልቅ ጕድጓድ ስፍራዎች አሉ። ከብቱ በምድር ውስጥ በተቈፈረ መውረጃ ገብቶ ከገንዳ ይጠጣል፤ ሰዎችም በመሰላል ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። ጕድጓዱን መጀመሪያ የቈፈረው ሰው ወገን «ኮንፊ» ሲባል፥ የየቀኑን ተራ የሚያስጠብቀው «አባ ሄሬጋ» ይባላል። መንጋ የሚጠጣው በተራው ነው፤ ለሰው የሚጠጣ ውሃ ግን መንገደኛም ቢሆን አይከለከልም። በድርቅ ጊዜ ፍርሃት የሚሰበሰበው በዚህ ስፍራ ነው፤ የአውግስቡርግ በር መንገደኛውን ማንነቱን ሲጠይቅ፥ አባ ሄሬጋ ግን የሚጠይቀው ተራውን ነው።

ሌሎቹም ሥርዓቶች እንዲሁ ናቸው። ከብቱ ያለቀበት ሰው በ«ቡሳ ጎኖፋ» ሥርዓት ከጎሳው ከብት ተዋጥቶለት ዳግመኛ እንዲቋቋም ይደረጋል። በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕጉን ይመረምራል፥ ያድሳልም። ሽማግሌዎች ነገርን በምርቃት ከፍተው በምርቃት ይዘጋሉ፤ የሁሉም ፍጻሜ «ነጋ ቦረና»፥ የቦረና ሰላም፥ ይባላል። ስለዚህ የቦረናን ፍርሃት ለማጥናት የሚሻ ሰው ከደሉሞ መጻሕፍት አስቀድሞ ሊይዝ የሚገባው የ1978ቱን ሳይሆን «ማጽናናትና መጠበቅ» የተባለውን የ1989 እ.ኤ.አ. መጽሐፋቸውን ነው። በዚያ መጽሐፍ ደሉሞ ራሳቸው ወደ ምርቃት፥ ወደ ቅዱሳን ጥበቃና ወደ መድን ዋስትና ተመልሰው፥ ሰው ከፍርሃቱ የሚወጣበትን መንገድ መርምረዋል።

፬. ስለ ከተማ

«የተከበበች ከተማ» የሚለው ስም ወደ ደቡብ ቆላ ሲመጣ ይገለበጣል። ከተማ የሚለው የአማርኛ ቃል ቀድሞ የጦር ሰፈርን ያመለክት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ መንግሥት ወደ ቦረና ሲደርስ፥ ቦረናም በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግዛት ሲሆን፥ በደቡብ የተቈረቈሩት ከተሞች ብዙውን ጊዜ ወታደር የሰፈረባቸው ኮረብታዎች ነበሩ። በአውሮፓ ታሪክ በቅጥር ውስጥ ያለው ሲፈራ በውጭ ያለው ያስፈራል። በደቡብ ግን ከተማው ራሱ አስፈሪ ሆኖ መጣ፤ ግብርና ፍርድም በማይሰሙት ቋንቋ ተከትለው መጡ። ሠፋሪውም በበኩሉ ከማያውቀው ሕዝብ መካከል ስለ ነበረ ይፈራ ነበር። ደሉሞ የሚፈሩትን እንጂ የሚያስፈራውንና የሚፈራውን በአንድ ስፍራ አላጠኑም፤ የደቡብ ከተሞች ማስረጃ የሚጨምረው ይህን ነው።

የነጌሌ ታሪክ ሁለት ምሳሌ ይሰጣል። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶርያ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በአይሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መትቶ ነጌሌን ያዘ። ይህ ፍርሃት ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ከጨለማና ከአውሬ ፍርሃት ጋር በአንድ ዝርዝር ሊጻፍ አይገባም። ሁለተኛው በጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የሆነው ነው። በነጌሌ የሰፈረው የአራተኛው ክፍለ ጦር ብርጌድ ወታደሮች፥ የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ መጠጣት ስለ ተከለከሉ፥ ምግባቸውም መጥፎ ስለ ነበረ ዐመፁ፤ ጉዳዩን እንዲያዩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀረቡላቸው። ወታደሮቹ ከየአገሩ የመጡ እንጂ ቦረኖች ስላልነበሩ፥ የቦረና ሕግ አነሣሣቸው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ለሰው የሚጠጣ ውሃ በማይከለከልበት ምድር፥ በፍርሃት የቆመው የማዕርግ ሥርዓት በተከለከለ ውሃ ምክንያት መናጋቱ፥ ፍርሃትና ክብር ምን ያህል እንደሚለያዩ ያሳያል። ትእዛዙን ያቆመው ፍርሃት ብቻ ስለ ነበረ፥ ፍርሃቱ በተወገደ ጊዜ በስፍራው የሚተካ ክብር አልተገኘም።

፭. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ይህ ሁሉ ሲባል ቦረና ፍርሃት የሌለበት አገር እንዳይመስል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ነጋ ቦረና በውስጥ ላሉት ሰላም ሲሆን፥ በውጭ ያለውን «ኛፋ»፥ ጠላት፥ ብሎ ይለያል። በአደን ይተዳደሩ የነበሩት ዋታዎችም በቦረና መካከል ሲኖሩ ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር። በዚህ ነጥብ የደሉሞ ሁለተኛ ክፍል ሙሉ ጥቅሙን ይሰጣል፤ በድርቅና በግጦሽ ጥበት የተነሣ ጭንቀት የጎረቤት ስም ሲሰጠው ምን እንደሚከተል የደቡብ ቆላ ሕዝቦች ደጋግመው አይተዋል። ስለዚህ ተማሪው ስሙን ማን እንደ ሰጠ፥ በየትኛው ዓመት እንደ ሰጠ፥ ከስሙም ማን እንደ ተጠቀመ መጠየቅ አለበት።

በጠቅላላው የደሉሞ መጽሐፍ ለኢትዮጵያ ጥናት የሚያበረክተው ይህ ጥያቄ እንጂ ዝርዝሩ አይደለም። ዝርዝሩን ይዞ ወደ ነጌሌ የሚወርድ ሰው ባሕርና ቅጥር ፈልጎ ያጣል፤ ክብርንም ፍርሃት ብሎ ይመዘግባል። ጥያቄውን ይዞ የሚወርድ ግን አስቀድሞ ሶዳን፥ ወዩንና ሰፉን በየራሳቸው ስም ይጽፋል፤ ቀጥሎም ከጕድጓዱ አፍ ቆሞ ተራው በድርቅ ጊዜ እንዴት እንደሚጠበቅና በማን እንደሚፈርስ ይመረምራል።