ለጀማሪ ቀዶ ሐኪም የሚሰጥ የምርምር መነሻ ገንዘብ በምን ይመዘን?

በአሜሪካ የሚገኘው የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ማኅበር በፋውንዴሽኑ አማካይነት ለክሊኒካዊ ምርምር የመነሻ ድጋፍ ይሰጣል። ዓላማው ወደ ሰፊ ጥናት ሊያድጉና ከመንግሥት ወይም ከኢንዱስትሪ ተጨማሪ ገንዘብ ሊያስገኙ የሚችሉ የሙከራ ጥናቶችን መርዳት ነው። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። በምርምር ስም ያላፈራ ወጣት ሐኪም ቅድመ መረጃ ካላቀረበ ትልቅ ድጋፍ አያገኝም፤ ድጋፍ ካላገኘ ደግሞ ቅድመ መረጃውን መሰብሰብ አይችልም። የመነሻው ገንዘብ ይህን ቋጠሮ ይፈታል።

ሆኖም የእንዲህ ዓይነቱ ድጋፍ ፍሬ የሚለካው በኋላ በሚገኘው ትልቅ ገንዘብ ብቻ ከሆነ አደጋ አለው። ወጣቱ ሐኪም ውጤቱ ቶሎ የሚታይ ሥራ ወደ መምረጥ ያዘነብላል፤ በሆስፒታሉ የተከማቹ የሕሙማን መዝገቦችን አገላብጦ ጽሑፍ ያወጣል። መዝገብ ግን የታከሙትን እንጂ በጥናት ለመሳተፍ ፈቃደኛ የማይሆኑትን፣ በቀጠሮ የሚቀሩትንና የሚቀሩበትን ምክንያት አያሳይም። ሰፊ ጥናቶች የሚሰናከሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ምስክር ናቸው። ሁለቱም በደም ዝውውር እጦት ምክንያት እግራቸው ለመቆረጥ የተቃረበ ሕሙማንን በዕጣ ለባይፓስ ቀዶ ሕክምና ወይም በካቴተር ለሚደረግ ሕክምና መድበዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ቤስት ሲኤልአይ 2,100 ሕሙማንን ለማካተት አቅዶ 1,830 አካቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ቤዝል ሁለት 600 አቅዶ 345 ብቻ አግኝቷል። መደምደሚያቸውም አልተስማማም። በቤስት ሲኤልአይ ለባይፓስ የሚሆን ጥሩ የሳፊነስ ደም መልስ ካላቸው ሕሙማን መካከል ከባድ የእግር ጉዳት ወይም ሞት የደረሰባቸው በባይፓስ 42.6 በመቶ፣ በካቴተር 57.4 በመቶ ነበሩ። ከጉልበት በታች ያለው ደም ቅዳቸው መታከም በሚያስፈልጋቸው የቤዝል ሁለት ተሳታፊዎች ግን እግራቸው የተቆረጠ ወይም የሞቱት በባይፓስ 63 በመቶ፣ በካቴተር 53 በመቶ ሆነዋል። ልምድ ያላቸው መሪዎችና ብዙ ሆስፒታሎች ተባብረው እንኳ የተሳታፊውን ቁጥር ማሟላት ከከበደ፣ የጀማሪው የሙከራ ጥናት ትልቁ አገልግሎት ይህን ችግር አስቀድሞ መፈተን ነው።

እርግጥ ነው፣ ለጋሽ ድርጅት ገንዘቡ የት እንደደረሰ ማስረዳት አለበት፤ ቀጣይ ድጋፍ መገኘቱም ቀላል መለኪያ ነው። ብቸኛ መለኪያ ሊሆን ግን አይገባም። «በዚህ መንገድ ተሳታፊ አይገኝም» ብሎ በሐቅ የሚደመድም የሙከራ ጥናት የብዙ ሚሊዮን ብክነት ሊያስቀር ስለሚችል ስኬት ተብሎ ሊቆጠር ይገባዋል። ገንዘቡም ከመዝገብ ማገላበጥ ይልቅ ሕሙማንን ለሚከታተል ነርስ ደመወዝ፣ ለስልክና ለመጓጓዣ ቢውል ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ሐኪሙ ከተረኝነትና ከቀዶ ክፍል ነፃ የሚሆንበት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ይህን ለጋሹ ሳይሆን የክፍሉ ኃላፊ ነው የሚሰጠው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ድጋፍ ለማቋቋም የሚያስቡ ወገኖች ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ። የስኳር ሕመም ቁስል ይዞ ከሩቅ ገጠር የመጣ ሕመምተኛ ከስድስት ወር በኋላ እግሩ መትረፍ አለመትረፉን ማወቅ ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው። ለዚህ የሚወጣ ጥቂት ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ለሚቀር ጽሑፍ ከሚወጣው የበለጠ ያፈራል።