የአሮጌ ሞተር ሹካና ፍሪሲዮን

እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበውን ሆንዳ ሲቢ 750 የመሰለ አሮጌ ሞተር ሳይክል መጠገን ነፍሴ ይወደዋል። ከፊት ሹካው አሮጌው ዘይት ጠቁሮ፣ የከረመ ዓሣ እየሸተተ ሲወርድ ስንት ጉድጓድ እንደቻለ ይታየኛል። ዘንጉን በጥፍሬ ከላይ እስከ ታች እዳስሳለሁ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው፣ የዘይት ማገጃው ጎማ አዲስ ቢሆንም ማንጠባጠቡ አይቀርም።

ፍሪሲዮኑ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሸራ የለበሱትና ባዶ የብረት ዲስኮቹ ዘይት ውስጥ ተፈራርቀው ተደርድረዋል፤ የሚያጣብቃቸው ሞላ ነው። ብረቱን መስታወት ላይ አስተኝቼ መጣመም አለመጣመሙን አያለሁ፤ አዲሱን ሸራ ዘይት ውስጥ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ እጀታውን ጨብጬ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ፣ ሳይንገጫገጭ እሺ ሲለኝ! ያን ልስላሴ አዲስ ሞተር ላይ አላገኘሁትም።