የሚለካው ቁመት አይደለም

ቁመቱ ዘለግ ያለ ሰው ባጃጅ ሊገዛ ሲያስብ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ «ጋሼ፣ እስከ ስንት ሜትር ሰው ትይዛለች?» ይህን በሜትር አልመልስም። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ እኩል አይሆኑም። የአንዱ ቁመት ያለው ከወገቡ በላይ ስለሆነ አናቱ ጣሪያውን ይነካል። የሌላው ከወገቡ በታች ስለሆነ ራሱ ነፃ ነው፤ ጉልበቱ ግን መሪው ሥር ይወተፋል። ስለዚህ ሰውየውን አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግቼ ሁለት ነገር እለካለሁ፤ ከመቀመጫው እስከ አናቱ፣ ከግድግዳው እስከ ጉልበቱ ጫፍ። ሲቆም ያለው ቁመት ለሱሪ ሰፊ ይጠቅም ይሆናል፣ ለእኔ ብዙም አይነግረኝም።

እዚህ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ከተራራው ሥር፣ የሐዋሳ ባጃጅ የማይመላለስበት መንገድ የለም። ከፒያሳ አቶቴ፣ ከመናኸሪያ አሞራ ገደል ሲል የሚውል ሹፌር ከጠዋት እስከ ማታ እዚያች ወንበር ላይ ነው። ወንበሯ ደግሞ ከጥንትም ለሰፊ ሰው አልታሰበችም። የባለ3 ጎማዋ ዘር የሚመዘዘው ጣሊያኖች በ1948 እ.ኤ.አ. ካወጧት የፒያጆ አፔ ነው፤ እሷም ከቬስፓ ሞተር ሳይክል የተወለደች ናት። መሪዋ እስከ ዛሬ ክብ ያልሆነው፣ ሹፌሩም እንደ ሞተረኛ ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ ደግሞ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። በዚህ ውስጥ ሹፌር፣ 3 ተሳፋሪና ሞተር ይገባሉ። መሐንዲሶች የሹፌር ቦታ ሲነድፉ ብዙ ጊዜ ከ100 ወንዶች 95ቱን እንዲያስተናግድ አድርገው ነው። የቀሩት 5 ሰዎች ከስሌቱ ውጭ ናቸው፤ ወደ እኔ የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ሻጭ ቤት ገብቶ «ተቀመጥባት፣ ተመቸችህ?» መባባል ፍተሻ አይደለም። የቆመች ባጃጅ ለሁሉም ሰው ትመቻለች። የሚፈተሸው እንቅስቃሴ ነው። መጀመሪያ ዘወትር የሚነዳበትን ጫማ ያድርግ፤ የጫማ ሶል ብቻውን ጉልበትን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ያዙር፤ በዚያው ሳለ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ማርሽ ይቀይር። ባጃጅ ላይ ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ነው፤ ማርሹ የሚገባው የእጅ መያዣውን በማሽከርከር ነው። ይህን ሲያደርግ ዓይኔ ጉልበቱና የጣቶቹ አንጓ ላይ ነው። ረዥም ጭን ያለው ሰው መሪውን ጠምዝዞ ማርሽ ሲለውጥ የጣቶቹ አንጓ ጉልበቱን ይመታል፤ ላለመመታት ጉልበቱን ወደ ውጭ ይከፍተዋል። በር በሌላት ባጃጅ ላይ ወደ ውጭ የተከፈተ ጉልበት ለጎረቤት መኪና ስፖኪዮ የተሰጠ ጉልበት ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። የእግር ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው። ተረከዙ ወለሉን ሳይለቅ ፔዳሉን መርገጥ ይችላል? ወይስ ጉልበቱን መሪው ስለያዘው እግሩን አጣሞ፣ በጎን በኩል አሳልፎ ነው የሚደርስበት? ይህ የምቾት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ባጃጅ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለች። እግሩ ፔዳሉን ፍለጋ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ፍሬን ሳይያዝ 5 ሜትር ተኩል ተጉዟል ማለት ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ 5 ሜትር ተኩል ምን ማለት እንደሆነ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው ሌላውን ሁሉ አልፎ በዚህ ቢወድቅ፣ ወንበሩ ሳይስተካከል እንዳይነዳት እመክረዋለሁ።

ለራሱ በአናቱና በጣሪያው ብረት መካከል የተጨበጠ እጅ ካለፈ ይበቃል። ግን ኮብልስቶን ላይ ወጥቶ ይሞክራት። አዲስ ስፖንጅ መጀመሪያ ሰውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ሲቆይ ይሰምጣል፣ ጉድጓድ ሲገኝ ደግሞ መልሶ ያፈናጥራል። ዓይኑ የት ላይ እንደሚውልም ይታይ። የፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኑ በታች ከሆነ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚውለው፤ የትራፊክ መብራቱንም ጎንበስ ብሎ ይፈልገዋል። የወገብና የአንገት ሕመም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይነዱ ደግሞ አይታወቅም። ሻጩ ካልፈቀደ ያንኑ ሞዴል ከያዘ ወዳጅ ተውሶ መሞከር ነው። የባጃጅ ገንዘብ በዕቁብና በብድር የሚገኝ ነው፤ ከተከፈለ በኋላ አጥንት አያጥርም።

ካልተመቸች ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ስፖንጁ ነው። ወፍራሙን አውጥቶ ቀጠን ያለ ጠንካራ ማስገባት ብቻውን ብዙ ሰው አስተካክሏል። ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ ይህ ግን የሚወሰደው ከተሳፋሪው እግር ስለሆነ በጥቂት ሳንቲ ሜትር መወሰን አለበት። ሸራ ጣሪያ ከሆነ የጎበጠውን ብረት ከፍ ማድረግ ይቻላል። መሪ መቁረጥንና የፍሬን ፔዳል ላይ ብረት በብየዳ መቀጠልን ግን ማንም ቢለምነኝ አልነካውም። እነዚህ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ክፍሎች ናቸው።

ሰውን ለመኪና ሳይሆን መኪናን ለሰው ማስተካከል አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዳን ገርኒ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 ስለሚያልፍ፣ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ የምትለው የፎርድ መወዳደሪያ መኪና ውስጥ ከነሄልሜቱ አልገባም አለ። ጣሪያዋ ላይ እንደ እብጠት ጉብ ያለ ቦታ ተሠራለት፤ እሱና ኤ ጄ ፎይትም በዚያችው መኪና የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፉ። እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሎተስ ሰቨን ደግሞ ዕቃዎቿ ተፈታተው ይሸጡና ገዢው ቤቱ ይገጥማት ነበር፤ ተገጥማ ያለቀችው ላይ የነበረው ቀረጥ በዚህ ይቀር ነበር። ጠባብ ናት። ዛሬ መብቱን ይዞ የሚሠራት ኬተርሃም ከጠባቧ ጎን ሰፋ ያለች ሻሲም ያቀርባል። ረዥሙ ሰው ገና ሲያዝ ይመርጣል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባጃጅም ወደ አገራችን በክፍል በክፍል መጥታ እዚሁ የምትገጣጠምበት አሠራር አለ። በክፍል የመጣ ዕቃ ገና አልተወሰነም፤ ብረቱ አልተበየደም፣ ቦሎኑ አልጠበቀም። እኛ መንደር ውስጥ በመሰርሰሪያ የምንታገለው ሥራ እዚያ የደቂቃዎች ነው። ገጣጣሚዎች ሆይ፣ የሹፌሩ ወንበር የሚታሰርበትን ቀዳዳ በአንድ ቦታ ብቻ አትብሱት፤ ከኋላው ሁለት ተጨማሪ ቀዳዳ ብሱለት። ገዢም «ምን ቀለም አለ?» ከማለቱ በፊት ጫማውን አጥልቆ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ፣ ፍሬኑን ይርገጥ።