ስሙን የማይጽፍ ብዕር፦ የባለሥልጣን ቃል አዘጋጁ በ«ኦሮማይ» እና በቴሌቪዥን ድራማ

ስለ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ብዙ ተብሏል። የፍቅር ታሪክ ነው ያሉ አሉ፤ የጦር ሜዳ ዘገባ ነው፣ የስለላ ልብ ወለድ ነው ያሉም አሉ። ከሁሉም ገንኖ የቀረው ግን «ደራሲውን የበላ መጽሐፍ» የሚለው ነው። ይህ አባባል መጽሐፉን ከደራሲው መጨረሻ ተነሥተን ወደ ኋላ እንድናነበው ስላስለመደን፣ በውስጡ ያለ አንድ ትልቅ ጉዳይ ተሸፍኖ ቆይቷል። «ኦሮማይ» የአንድ ሙያ ልብ ወለድ ነው። ሙያውም ለባለሥልጣን ቃል ማዘጋጀት ነው፤ መግለጫ፣ መፈክር፣ ዲስኩር፣ የሬዲዮ ሐተታ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም በኤርትራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ ወደ አስመራ የተላከ ስመ ጥር ጋዜጠኛ ነው።

ይኸው ሙያ በአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ጀግና አፍርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 በኤንቢሲ የታየው «ዘ ዌስት ዊንግ» የፕሬዚዳንቱን ንግግር የሚጽፉ ሰዎችን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥቶ መድረክ ላይ አቁሟል። ይህ ዳሰሳ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባል። መከራከሪያውም አንድ ነው፦ የንግግር ጸሐፊ ሙያ የቆመው «ቃሉ የሌላ ነው፤ የጸሐፊው ስም አይጠራም» በሚል ያልተጻፈ ሕግ ላይ ነው፤ «ኦሮማይ»ን አደገኛ ያደረገውም ይህን ሕግ መጣሱ ነው።

ከጸሐፌ ትእዛዝ እስከ ቋሚ ተጠሪ

የጽሑፍ ሰው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የቆየ ቦታ አለው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብረ ሥላሴ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስና አክሊሉ ሀብተ ወልድ የጸሐፌ ትእዛዝነትን ማዕረግ ይዘው ከዙፋኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ማዕረጉ የሚያስከብር፣ አንዳንዴም ከማንኛውም ሹመት በላይ የሚያስፈራ ነበር። ሆኖም ከዚያ ቢሮ የሚወጣው ቃል ሁሉ የንጉሡ ቃል ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት ንግግር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ካባ የለበሱትን ንጉሥ ነው። በዝግጅቱ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው የሚነገርላቸውን ሎሬንሶ ታእዛዝን የሚያስታውስ ከታሪክ ተማሪዎች ውጭ ጥቂት ነው።

የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የለውጡን መግለጫ በሬዲዮ አነበቡ። ሙከራው ሲከሽፍ ተገደው እንዳነበቡት ተቆጥሮ አለፈላቸው፤ የሙከራው ጠንሳሾች መንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ ግን ሕይወታቸውን ከፈሉ። ቃል የሚያነብ ሰው «የኔ አይደለም» ብሎ ማምለጫ ሊያገኝ ይችላል። ቃሉን የፈጠረ ሰው ይህ ማምለጫ የለውም፤ የሚያድነው አለመታወቁ ብቻ ነው። ስም አለመጥራት ለሙያው ውርደትም ዋስትናም ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው።

በዓሉ ግርማ የዚህ ሙያ ወራሽ ነበር። በ1931 ዓ.ም. ኢሉባቦር፣ ሱጴ ተወልዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጋዜጠኝነትና በፖለቲካ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ። «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን እና «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መርቷል። በደርግ ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደርሷል። መንግሥት ሲናገር ቃሉ በምን በኩል እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆርጠው፣ ማን እንደሚያሳምረው ያውቅ ነበር።

ይህ ዕውቀት በልብ ወለዶቹ ውስጥ ቀደም ብሎ ይታያል። በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁ በመንግሥት ሥራና በሥዕል ጥሪው መካከል ተቀርቅሮ ይሠቃያል። በ1972 ዓ.ም. የታተመው «ደራሲው» ደግሞ የፈጠራ ሰውን ኑሮና ነጻነት ዋና ጉዳዩ አድርጎታል። «ኦሮማይ» የዚህ ጥያቄ የመጨረሻ መልክ ነው። በቀደሙት ሥራዎች ቢሮው የፈጠራ ጠላት ነበር፤ እዚህ ግን ቢሮው ፈጠራውን ራሱን ቀጥሮታል። ጸጋዬ ብዕሩን ጥሎ ወረቀት እንዲያገላብጥ አልተፈረደበትም። ጻፍ ነው የተባለው።

ያመነ ጸሐፊ

የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በ1974 ዓ.ም. የተጀመረው የኤርትራን ጦርነት አንዴ ለመጨረሻ ጊዜ ለመዝጋት ነበር። ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ባለሥልጣኖቻቸውን አስከትለው አስመራ ገቡ። ዘመቻው ከጦርነቱ ሌላ የመልሶ ግንባታና የቅስቀሳ ክንፍ ስለነበረው «ሁለገብ» ተባለ። በዓሉም በዚሁ የቅስቀሳ ሥራ አስመራ ተልኮ ነበር። የኤርትራ ነጻነት ተዋጊዎች (የሻዕቢያ) ምሽግ የሆነችው ናቅፋ ግን አልተያዘችም።

ልብ ወለዱ የሚኖረው በእነዚህ ሁለት እውነቶች መካከል ነው፤ በተነገረው ድልና ባልተያዘችው ናቅፋ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ግን ወሳኝ የአጻጻፍ ምርጫ አለ። ጸጋዬ ግብዝ አይደለም። በዓሉ እያወቀ የሚዋሽ፣ ማታ በኅሊና ወቀሳ የሚሰቃይ ፕሮፓጋንዲስት ሊፈጥር ይችል ነበር፤ ያ ገጸ ባሕርይ ለደራሲውም ለአንባቢውም ይቀላል። ጸጋዬ ግን በዘመቻው ያምናል፣ ለኢትዮጵያ አንድነት ይቆረቆራል፣ ሥራውን በፍቅር ይሠራል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ሌላው ሰው እንዲያምን የሚያዘጋጀውን ቃል ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያምነውም እሱ ነው። መሬት ላይ ያለው ነገር እሱ ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

በዚህ ዐይን ሲታይ የልብ ወለዱ አወቃቀር ትርጉም ያገኛል። የጸጋዬ ዓለም አደባባይ ነው፤ ሥራው እንዲሰማ የሚፈለገውን ማሰማት ነው። የደኅንነቱ ሰው የኮሎኔል በትሩ ዓለም ደግሞ ምስጢር ነው፤ ሥራው እንዳይሰማ የሚፈለገውን ማወቅ ነው። አንድ መንግሥት ሁለት አንደበት፣ አንዱ ለሕዝብ፣ ሌላው ለራሱ። ቃል አዘጋጁ የሚያገለግለው የመጀመሪያውን ነው፤ ወደ ሁለተኛው እንዲገባ ግን አይፈቀድለትም። ብዙ ሐያሲ እንደ ማጣፈጫ የሚያየው የአስመራዋ የፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ሥራው እዚህ ላይ ነው። ጸጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ በአስመራ በያዘው ፍቅር ምክንያት ከአደባባዩ ወጥቶ ወደ ምስጢሩ ዓለም ይገባል። መንግሥት ያልነገረውን ከተማዋ ትነግረዋለች። ፊያሜታን ሲያጣ አብሮ የሚያጣው የራሱን ቃል የማመን አቅሙን ነው።

ቶቢ ዚግለር ያለው፣ ጸጋዬ የሌለው

«ዘ ዌስት ዊንግ» ውስጥ ሪቻርድ ሺፍ የተጫወተው ቶቢ ዚግለር የዋይት ሐውስ የኮሙኒኬሽን ኃላፊና የፕሬዚዳንት ባርትሌት ዋና ንግግር ጸሐፊ ነው። ኩርፊያ የማያጣው፣ ለአንድ ዐረፍተ ነገር ሌሊቱን የሚያድር ሰው ነው። ዋናው ጸባዩ ግን ሌላ ነው፤ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይከራከራል። በድራማው ውስጥ ንግግር የሚጻፍበት ክፍል የፖሊሲ ክርክር የሚካሄድበት ክፍል ነው። ጸሐፊው «ይህን ብለን መናገር አንችልም» ሲል ቃሉን ብቻ ሳይሆን ውሳኔውንም እየሞገተ ነው።

የቶቢ ሥራ መጨረሻው አያምርም። በሕዋ ጣቢያ ውስጥ የተያዙ ጠፈርተኞችን ማዳን የሚችል ምስጢራዊ ወታደራዊ መንኮራኩር መኖሩን ለጋዜጠኛ በማውጣቱ ከሥራ ይባረራል፤ ይከሰሳል። በመጨረሻው ክፍል ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ሊወርዱ ሰዓታት ሲቀሩ ይቅርታ ይፈርሙለታል። ድራማው ለተመልካቹ የሚያወርሰው እምነት ግልጽ ነው፦ ምስጢር ያወጣ ጸሐፊ ይቀጣል፣ ቅጣቱ ግን ሕግ አለው፤ ምሕረትም አለው።

እርግጥ ይህ የተዋበ ሥዕል ነው። ዋይት ሐውስን የፍልስፍና ክበብ ያስመሰለው የድራማው ፈጣሪ የአሮን ሶርኪን ብዕር ነው፤ ድራማው በአገሩም ሥልጣንን አሽሞንሙኗል ተብሎ ተተችቷል። ለንጽጽራችን ግን ውበቱም ይጠቅማል፤ ጸጋዬ የሌለውን ነገር ለይቶ ያሳየናልና። ጸጋዬ የሚከራከርበት ክፍል የለውም። ከእሱ የሚፈለገው ውሳኔ ከተወሰነ በኋላ ማድመቅ ነው። መንግሥቱ ውስጥ ሆኖ የሚሞግት ድምፅ ቦታ ባጣበት ሥርዓት ያ ድምፅ መውጫ ያገኘው በልብ ወለድ ብቻ ነበር። ቶቢ ለፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት የሚናገረውን፣ በዓሉ ለመናገር መጽሐፍ ማሳተም ነበረበት።

ተቺ ወይስ ፈራሚ?

በዓሉን በተመለከተ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ የታደሰ አደራ ነው። ታደሰ የደራሲውን ጉዞ ከሥርዓቱ ደጋፊነት ወደ ተቺነት የተደረገ ሽግግር አድርጎ አይቶታል። በ1972ቱ ልብ ወለዱ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና በ1975ቱ «ኦሮማይ» መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ይህን ንባብ ይደግፋል። ይሁን እንጂ ንባቡ አንድ ነገር ያልፋል። «ኦሮማይ» ሥርዓቱን ከውጭ ሆኖ አያወግዝም፤ ሻዕቢያን አይደግፍም፤ የአገር አንድነትን ጥያቄ ውስጥ አያስገባም። ሚኒስትሮቹ ሲተቹ ሊቀመንበሩ ተለይተው ይተርፋሉ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የቆየ ጥንቃቄ መጽሐፉ ውስጥ አለ።

ታዲያ ያን ያህል ቁጣ ለምን? በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጣው መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም። በእኔ ንባብ ጥፋት ሆኖ የተቆጠረው የመጽሐፉ አቋም ብቻ አይደለም። ከባዱ ጥፋት ፊርማው ነበር። በአገልግሎት ላይ ሳለ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጻፈውን ሰብስቦ በራሱ ስም አወጣው። አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ የትኛው ባለሥልጣን እንዳለ መገመት ሲጀምር፣ የመንግሥት ቃል አዘጋጅ አለው፣ አዘጋጁም የራሱ ዐይን አለው የሚለው ነገር ተገለጠ። ሥርዓቱ ተቃዋሚን ያውቀዋል፤ ስም ሰጥቶ ይዋጋዋል። ከራሱ ጉሮሮ የወጣን ድምፅ ግን ምን ብሎ ይጠራዋል?

ወደ ድራማዎቻችን

ጸጋዬ የሄደበት የአዲስ አበባና የአስመራ የአየር መንገድ በ1990 ዓ.ም. በጦርነት ተዘጋ፤ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በዘፈንና በአበባ ተከፈተ፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ተቋረጠ። በእያንዳንዱ መዘጋትና መከፈት ቀን መግለጫ ወጥቷል፣ ንግግር ተደርጓል። እያንዳንዱን ቃል አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጽፎታል፤ ስሙን አናውቅም። የጸጋዬ ሙያ ከደርግ ጋር አልሞተም ማለት ነው።

የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ግን ወደዚህ ጠረጴዛ እምብዛም አልቀረቡም። «ገመና» የቤተሰብን ጓዳ ከፈተ፤ «ሰው ለሰው» በአስናቀ በኩል ሀብትና ወንጀልን አሳየ፤ «እረኛዬ» ገጠሩን በክብር ወደ ስክሪን መለሰ። ሦስቱም ተመልካች ከባድ ጉዳይን በትዕግሥት እንደሚከታተል አረጋግጠዋል። በሌላ በኩል «ኦሮማይ» በመስፍን ፈለቀ ይርጉና በዴቪድ ደጉስታ ተርጓሚነት እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሟል። የእንዳለጌታ ከበደ «በዓሉ ግርማ፦ ሕይወቱና ሥራዎቹ» ደግሞ የደራሲውን ታሪክ ለአዲሱ ትውልድ አቅርቧል። ጥሬው አለ፤ ተመልካቹም አለ።

ስለዚህ ለድራማ ጸሐፍት የምለው ይህ ነው። «ኦሮማይ»ን ወደ ስክሪን የሚያመጣ ባለሙያ ፍቅሩንና ተኩሱን ብቻ ካመጣ ግማሹን ትቶታል። የመጽሐፉ ጉልበት ያለው ጸጋዬ መግለጫውን በሚጽፍበት፣ ጽፎም በሚያምንበት ሰዓት ላይ ነው። የባለሥልጣን ቃል ከየት እንደሚመጣ ያየ ተመልካች፣ ነገ ማታ ዜና ሲሰማ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ያስለመደ ድራማ ለሕዝቡ ትልቅ ውለታ ይውላል።