ማርከሩ በማን እጅ ነው?

አንድ የጋራ ዲዛይን ዎርክሾፕ ደህና መሆኑን ለማወቅ ሪፖርቱን አልጠብቅም። የመክፈቻ ንግግሩ አልቆ፣ ፓወር ፖይንቱ ታይቶ፣ ከሻይ ቡና መልስ «ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ?» ከተባለ ዲዛይኑ ቢሮ ውስጥ አልቋል፤ ባለድርሻ አካላቱ የተጠሩት ለማጨብጨብ ነው።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አያለሁ። በኮምፒውተር አምሮ የተሠራን ንድፍ ሰው ያደንቀዋል እንጂ አይነካውም። ካርቶንና በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት ግን እጅ ይጋብዛል። በስካንዲኔቪያ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በተካሄደው የዩቶፒያ ፕሮጀክት የማተሚያ ቤት ሠራተኞችና የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ገና እጃቸው ያልገቡ መሣሪያዎችን ከካርቶን አስመስለው ሠርተው ሥራቸውን ሞክረውባቸዋል።

የቦኖ ውሃ ዲዛይን እንውሰድ። ኢንጂነሩ የሚጨነቀው ለውሃው ግፊት፣ ለቧንቧው ስፋትና ለፍሳሹ ነው፤ ልክም ነው። ውሃ ቀጂዋ ግን ሌላ ጭንቀት አለባት። 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ብቻዋን ከመጣች ማን ያሸክማታል? ጎበዝ አወያይ ይህን በቃል ጠይቆ አያልፍም። ድንጋይ ያስደረድርና የሞላ ጀሪካን ያስቀምጥበታል፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታ በገመድ ታዝለዋለች። ዝቅ ካለባት አንድ ድንጋይ ይጨመራል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ከመቅጃው አንስቶ እዚያ ማድረሱ ራሱ ፈተና ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ይጦፋል፤ ኢንጂነሩም ሜትሩን አውጥቶ የድንጋዩን ከፍታ ይለካል። እኔ ለማየት የምሄደው ይህቺን ደቂቃ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጀመሪያ ከተናገሩ ግን ድንጋዩን የሚያነሳ አይኖርም። እሳቸውን ሳያስቀይም መጨረሻ ላይ የሚያናግር፣ ሴቶቹንም ለብቻ አስቀምጦ ማርከሩን የሚሰጥ አወያይ ሙያውን ያውቃል። 

ቃለ ጉባኤውንም አገላብጣለሁ። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ብቻ የሚል ከሆነ እጠራጠራለሁ። ማን ምን እንደተቃወመና የተጠየቀው ለምን እንደቀረ ሊጻፍበት ይገባል፦ ለምሳሌ የተጠየቀው የከብት ገንዳ በዚህ ዓመት በጀት አይሠራም፣ ቦታው ግን ሳይታጠር ይቆያል፣ ይህም ለጠያቂዎቹ እዚያው ፊት ለፊት ተነግሯቸዋል።